«ጠፍቷል» ያልኩህ ቀን

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ነው ያላረፈው። እሁድ ስትደውል «ጠፋሽ!» አልከኝ፤ እኔም «አንተ ነህ የጠፋኸው» ብዬ ሳቅኩ። ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ያን ዕለት ያልነገርኩህ ነገር አለ።

የአባባ አኮርዲዮን ነገር ነው። ወደ ውጭ ልትሄድ ሰሞን «ለአንድ ኤግዚቢሽን ብቻ ነው» ብዬ ለሙዚየማችን እንድታውስ የለመንኩህ እኔ ነኝ። ስትሰጠኝ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አልከኝ፤ እኔ ቀልድ መስሎኝ። ኤግዚቢሽኑ አለቀ፣ ያዘጋጀው ሰውዬ ጡረታ ወጣ፣ አኮርዲዮኑ እዚያው የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። በጠየቅከኝ ቁጥር «እየተነጋገርን ነው» እልሃለሁ። ከማን ጋር እንደምነጋገር እኔም አላውቅም።

ዘንድሮ አዲስ አለቃ መጣችልን። በውሰት ገብቶ የቀረ ዕቃ ሁሉ ይጣራ አለች። ለባለቤቱ በድሮ አድራሻው ማስታወቂያ ይላካል፤ መልስ ከሌለ «ባለቤቱ ጠፍቷል» ይባልና ዕቃው የሙዚየሙ ይሆናል። ማስታወቂያውን የምልከው እኔ ነኝ። ያንተ የድሮ አድራሻ ደግሞ ይኸው የምኖርበት ቤታችን ነው። ቢሮ ራሴ ያሸግሁትን ፖስታ በራችን ላይ ራሴ ፈርሜ ተቀበልኩት። ፖስተኛው «ለራስሽ ነው እንዴ የምትጽፊው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ወስጄ ከማንኪያዎቹ ስር ወሸቅኩት።

ማክሰኞ አለቃዬ «የአኮርዲዮኑ ሰውዬስ?» አለችኝ።

«ጠፍቷል» አልኳት።

እሁድ ከአንተ ጋር ስቄ፣ ማክሰኞ ጠፍቷል! ምላሴን በቆረጠው።

ስግብግብ ሆና ነው እንዳትል። ወይም በል፤ ነኝ። ጠዋት አዳራሹን ስከፍት የአባባ እጅ ያሳሳው የቆዳ ማንገቻ ፊት እቆማለሁ። እማማ ካረፈች ወዲህ ደህና አደርሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ቢመለስልህ ትወስደዋለህ። ከወሰድከው ደግሞ ወዲህ ምን ያመጣሃል?

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ ገብቼ «ሰውዬው አልጠፋም፤ ወንድሜ ነው» አልኳት። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። የአባታችንን ስም በየቀኑ ከስሜ ጋር ስትጠራው ኖራ ለካ አላስተዋለችም።

«እንግዲያው ራሱ ይጻፍልኝ፤ ሰኔ ሳያልቅ» አለች። «ያንቺ ቃል ከእንግዲህ አይበቃኝም።»

እውነቷን ነው፤ አልተከራከርኳትም።

ማስታወቂያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ብዙ አትድከም። ሰው «ጠፋህ» ሲልህ የምትመልሰውን ጻፍና ፈርምበት፤ «አለሁ» በል፣ ይበቃል። እኔን ደግሞ ይቅር በለኝ፤ ዛሬ ካልሆነልህ ቀስ ብለህ።

ጉልበትህን ይማርልህ፤ ክፉ አይይህ። ሣጥኑን የምከፍትልህ እኔ ነኝ፣ ቁልፉ ከእጄ አይወጣም። በፖስታ ላኪልኝ እንዳትለኝ ብቻ።

እህትህ
ጩጬ