ዳማ ፊት አታጎንብስ

አብኔዘር፣

መኪናው ደጅ ክላክስ እያደረገ ነው፤ አያት ሰፈር፣ እህቴ ጋ ሄጃለሁ።

ዳማ አልጋዬ ስር ናት። የቀቀልኩላት ሳንባ ፍሪጅ ውስጥ አለ። በሩ ጋ አስቀምጥና ጀርባህን ሰጥተህ ቁጭ በል። አትጥራት፣ ራሷ ትምጣ።
ፊቷ እንዳታጎነብስ፤ ድንጋይ የምታነሳ ይመስላታል።

«የመንገድ ውሻ ሰው አያምንም» ያልከው ስህተት ነው፤ ስመለስ በማስረጃ እረታሃለሁ። ከእጄ መብላት ጀምራ ነበር።

ትናንት «ለዘበኛው እንስጣት» ስትል የወረወርኩት መጽሐፍ አንተን ስቶ ግድግዳውን መታ። እሷ ግን የተመታች ያህል ጮኸች።

ዛሬ ጠዋት እኔ ስናገር ተንቀጠቀጠች፤ አንተ ኩሽና ስታንጎራጉር ግን አንገቷን ብቅ አደረገች።

ስለዚህ የምወጣው እኔ ነኝ።
አንጎራጉርላት።

ኢዮስያስ