ከዳገቱ ወዲያ

ውድ አባዬ፣

ብስክሌትህ ተገኝታለች። ከእሷ የጀመርኩት፣ ስለ እሷ ሳልነግርህ ሌላ ወሬ ባወራ እንደማትሰማኝ ስለማውቅ ነው። ደህና ናት። የፊት ጎማዋ ትንሽ ተንፍሶ ነበር እንጂ አንዲት ጭረት የለባትም። ይህን የምጽፍልህ መስኮቱ ስር ባለው ጠረጴዛህ ላይ ነው፤ እሷም በረንዳው ላይ በቦታዋ ተደግፋ ቆማለች። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።

ደብዳቤውን ወዴት እንደምልከው አላውቅም። ወንድሜ "ለማን ነው የምትጽፊው?" አለኝ። "ለአባዬ" ስለው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከሄድክ ሰባት ወር አልፎሃል። ፎቶህ ያልተለጠፈበት የመብራት ምሰሶ የለም። ፖሊስ ጣቢያ ያሉት ገና ከበር ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለእነሱ ግን እውነቱን ሁሉ አልነገርኳቸውም። ለወንድሜም አልነገርኩትም። ለአንተ ልንገርህና ይውጣልኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንብበሃል። ሥራህን ትንሽ ሆኜ የትምህርት ቤት እረፍት ሲሆን ተከትዬህ አይቼዋለሁ። ብስክሌቷን መንገዱ አፍ ላይ ታቆማለህ፤ ከዚያ በእግርህ የቀኙን በሮች አንድ በአንድ እያንኳኳህ እስከ ጫፍ ትሄድና በግራ በኩል ትመለሳለህ። አንድም ቀን እየተሻገርክ አታነብም ነበር። "ዝብርቅርቅ ብሎ የሚሄድ ሰው በር ይዘላል" ትለኝ ነበር። ጡረታ ወጥተህም፣ እማዬ አርፋም፣ መርሳቱ ጀምሮህም ይህ አልቀረም። ጠዋት ደብተርህን ደረት ኪስህ ትከትና በዚያች ባለ ሰፊ መቀመጫ፣ ባለ ወፍራም ጎማ፣ መሪዋ ወደ ኋላ እንደ ቀንድ በተቆለመመ ብስክሌትህ ትወጣለህ።

ሐኪሙ "እየባሰ እንጂ እየተሻለው አይሄድም" ያለን ቀን ወንድሜ ብስክሌቷ ትቆለፍ አለ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሰፈሩ ያውቅህ የለም እንዴ! ያላንኳኳኸው በር የት አለ? መንገዱ ሲጠፋብህ ጎሚስታው ከጎማ ክምሩ መሃል ብቅ ይልና "ጋሼ ቆጣሪ፣ ምሳ ደርሷል" ብሎ መሪህን ወደ ቤት ያዞርልሃል። የዱቄት ፋብሪካው ዘበኛም እንደዚሁ። አንተም ሳትከራከር ትመጣለህ። ከፋብሪካው ወዲያ ደግሞ ያ ዳገት አለ። ጉልበትህ እሱን አይችለውም ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዳገቱ ስር ቆመህ አገኘሁህ። ከብስክሌቷ ወርደህ እጅህን መቀመጫዋ ላይ ጭነህ ወደ ላይ ታያለህ። ላብህ በጉንጭህ ይወርዳል። ላብ ብቻም አልነበረም። "አባዬ" ብዬ ስጠራህ ዞር ብለህ አየኸኝና "ይቅርታ እሜቴ፣ ዛሬ ከላይ ያሉትን ቤቶች ሳላነብ ልቀር ነው" አልከኝ። አንጀቴን በላኸው። በሳምንቱ ደመወዜን እንደተቀበልኩ የሞተር ኪት፣ ብስክሌት ላይ የሚገጠም ትንሽ ሞተር ከነዕቃው፣ ገዝቼ በካርቶን ተሸክሜ ገባሁ።

ወንድሜ ካርቶኑን ሲያይ የሆነውን ታስታውሰው ይሆን?

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሞተር። ለአባዬ ብስክሌት።"

"ለሰባ ሁለት ዓመት ሰው ሞተር! ቀጥለሽ ደግሞ ክንፍ ግጠሚለት!"

አንተ ከወንበርህ ሳትነሳ "ክንፉ ከባድ ነው፤ ብስክሌቷ አትሸከመውም" አልክ። ሦስታችንም ሳቅን። አብረን የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ እሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ኃጢአቴ ልምጣ። ያ ሥራ በሁለት ቅዳሜ የሚያልቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ማሽን ስጠግን የምውል ሰው ነኝ፤ አንድ ትንሽ ሞተር አቅቶኝ አይደለም። አምስት ቅዳሜ ያስኬድኩት ሆን ብዬ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ "እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?" የምትለኝ አባት፣ መፍቻ ቁልፍ እጅህ ሲገባ "ዳዶ፣ አስራ ሦስት ቁጥሩን አቀብዪኝ" ትለኛለህ። ልጅ ሳለሁ የፈታሃቸውን ዳዶዎች እንዳይጠፉ በጡጫዬ ጨብጬ ስለምጠብቅልህ ያወጣህልኝ ስም ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ ካፍህ አልሰማሁትም ነበር። በ"እርስዎ" ስትጠራኝ ክብር እንዲህ እንደሚያም ያወቅኩት በአንተ ነው። ታዲያ "ዳዶ" ስትለኝ ሥራው እንዲያልቅ እንዴት ልፈልግ? ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ጠዋት ያጠበቅነውን ብሎን መልሼ አላላው ነበር። ተነስተህ ትነካካውና "ማነው እንዲህ ያጠበቀው? አንቺ ልጅ እጅሽ ሰነፈ" ትለኛለህ። እኔም "ይቅርታ አባዬ" እላለሁ፣ እንደገና እንጀምራለን።

በኪቱ ውስጥ የነበረውን የመመሪያ ወረቀት አጥፈህ የጠረጴዛው እግር ስር ወሸቅከው። ካቴናው የሚዞርበትን ትልቁን ጥርስ የኋላው ጎማ ሽቦዎች ላይ በሁለት ክብ ላስቲክ መሃል ስናስረው ዘጠኙን ብሎን እንዴት እንደማጠብቅ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። "አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ። ትንሽ ትንሽ፣ ፊት ለፊት እያቀያየርሽ። አንዱን ብቻ ካጠበቅሽ ጥርሱ ይጣመማል፣ ካቴናው ይወድቃል።" ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጠው የሚይዘው ፍሬን ክንዱ ከካቴናው ጋር ሲነካካ ጊዜ፣ እኔ በመጋዝ ልቆርጠው ስነሳ እጄን ያዝከኝ። "የሰው ፍሬን አይቆረጥም" ብለህ በመዶሻ ቀስ እያደረግክ አጎበጥከው። ትናንት ምን እንደበላህ የማታውቅ ሰውዬ ነህ ይህን ሁሉ የምታደርገው።

እኔስ? እኔ ደግሞ ስለመውደቅህ ብቻ አሰብኩ። የሰፈሩም ሰው የሚያወራው ስለመውደቅ ነበር። ስለዚህ ነዳጅ መስጫው ከግማሽ በላይ እንዳይከፈት ካርቡሬተሩ ላይ ማገጃ ብሎን አስገባሁ። የፊት ፍሬን ጨመርኩ። መስታወት አሰርኩ። መንገድ ላይ ነዳጅ አልቆብህ እንዳትቆም ብዬ ደግሞ ቤንዚኑን ከዘይት ቀላቅዬ ታንኩን ጠዋት ጠዋት እስከ አፉ እሞላልህ ነበር። አየህ አባዬ፣ እንዳትወድቅ ሁሉን አደረግኩ። እንዳትርቅ ግን ምንም አላደረግኩም። ዳገቱ እኮ ያለ ደመወዝ የሚያድር ዘበኛችን ነበር። እሱን ያባረርኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን ግን እንዴት አምሮብህ ነበር! ትንሽ በፔዳል ሄደህ ፍሪሲዮኑን ስትለቀው ሞተሩ ተንተከተከና ተነሳ። ጎሚስታው እየሮጠ ወጥቶ "ጋሼ ቆጣሪ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥተዋል?" ቢልህ፣ "አንተ በለጠፍከው ጎማ የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው ፈቃድ ሳይሆን ጸሎት ነው" አልከው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወጥተህ ተመለስክ። ጎሚስታው መሪህን እያዞረ፣ ዘበኛው እያዞረ። እኔም ለወንድሜ "ይኸው አላልኩህም?" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሁለተኛው ኃጢአቴ ለማንም ያልነገርኩት ነው። የሄድክበት ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ረፋድ ላይ። ፋብሪካችን ዳገቱ ወገብ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። የተበላሸ ማሽን ስር ተንበርክኬ ሳለ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁት። ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ፤ ማርሚታውን ያሰርኩት እኔ ነኛ። ብድግ ብዬ በመስኮት አየሁህ። ኮትህን እስከ አንገትህ ቆልፈህ፣ ጀርባህን ቀጥ አድርገህ ዳገቱን ትወጣለህ። ፔዳሉን እንኳ አልነካኸውም። ወደ ዳገቱ አናት እንጂ ወደ ቤት እንዳልሆነ አውቄያለሁ። በሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ብሮጥ እደርስብህ ነበር፤ በዚያ ብሎን የተነሳ ከሩጫ እምብዛም አትፈጥንም ነበር።

አልሮጥኩም። ደስ አለኝ። አጠገቤ ላለችው ልጅ "ያውልሽ፣ አባቴ ዳገቱን ወጣው!" አልኳትና ተመልሼ ማሽኔ ስር ገባሁ።

በቃ ይኸው ነው። ፖሊሶቹ "ለመጨረሻ ጊዜ ማን አየው?" ሲሉ "የዱቄት ፋብሪካው ዘበኛ" አልኳቸው። ምስኪኑ ዘበኛ እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር "ምነው ያኔ ባቆምኳቸው" ይላል። ነገ ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ። ወንድሜ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ በቀሩት ኮቶችህ ሁሉ ውስጥ ስምና ስልክ የተጻፈበት ጨርቅ ሰፋሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ብስክሌቷ የተገኘችው ከአምስት እሁድ በፊት ነው፣ ስልሳ ኪሎ ሜትር ከሚርቅ አንድ ትንሽ ከተማ። ታንኩ ውስጥ ገና ቤንዚን ነበር። የቆመችበት መንገድ አፍ ላይ ያለው የመጀመሪያው በር ባለቤት አንዲት አሮጊት ናቸው። "ሰውዬው ይመለሳል ብዬ ግቢዬ አስገባኋት" አሉኝ። "ለሰው ንብረት ዘበኛ ሆኜ ከረምኩ። ሲቆይብኝ ጊዜ ነው ለፖሊስ የተናገርኩት።"

"ምን አለዎት፣ እማማ? ሲመጣ ምን አለ?"

"ቆጣሪ ላነብ ነው አለኝ። አስገባሁት። ቁጥሩን ጻፈና፣ 'ከጓሮ የሚያፈስ ቧንቧ አለዎት፣ ያስጠግኑት' አለኝ። እውነትም ሳስቆፍረው ያፈስ ነበር። ስለ ሞተሩ ብጠይቀው 'ልጄ ናት የገጠመችልኝ' ብሎ ፈገግ አለ። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣና በእግሩ ሄደ።"

ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ብስክሌቷን ሳያት የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቷል። "አልነካሁትም፣ ምኑንም አላውቀው" አሉኝ። "ስትወርጂ ዝጊው፣ አለዚያ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ይሰክራል" ብለህ አስር ጊዜ የነገርከኝ አንተ ነህ። እዚያች ደጃፍ ላይ ስትወርድ አንተ ራስህን ነበርክ ማለት ነው። ይህን ማወቄ ያጽናናኛል ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን አያጽናናኝም። አውቀህ ከወረድክ፣ ከዚያ በኋላ የጠፋብህ መንገድ እንደጠፋብህ ታውቀው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ በእሷ እሄዳለሁ። ማገጃውን ብሎን አላወጣሁትም፤ በአንተው ፍጥነት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መንገዱ አፍ ላይ አቁሜያት መዝጊያውን እዘጋና የቀኙን በሮች አንድ በአንድ አንኳኳለሁ። "ከወራት በፊት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሽማግሌ ነበር?" እላለሁ። ሁለተኛው በር ያስታውሱሃል። አራተኛው "ትሁት ሰው" አሉህ። ሰባተኛው ልጆቹ ብቻቸውን ስለነበሩ ከደጅ እንደተመለስክ ነገሩኝ። ከአስራ አንደኛው በር ጀምሮ ግን ያየህ ሰው የለም። ውሻ ይጮኻል፣ በር ይከፈታል፣ "አላየንም፣ እግዜር ያግኝልሽ" ይሉኛል።

የቀኙን ባለፈው እሁድ ጨረስኩት። ከመጨረሻው በር ወዲያ ሜዳ ነው፤ ቤትም የለ፣ ቆጣሪም የለ። ወንድሜ ይህን ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "እንግዲህ እርማችንን እናውጣ" አለ። አልተቆጣሁትም። እሱ በልጅነቱ ተከትሎህ ስለማያውቅ የሥራህን አካሄድ አያውቀውም።

አንተ በቀኝ ሄደህ በግራ ነው የምትመለሰው። ካቴናዋን ዘይት ቀብቻታለሁ፣ ጎማዋን ጎሚስታው አይቶልኛል። የፊታችን እሁድ ከሜዳው ጫፍ ተነስቼ የግራውን በሮች እጀምራለሁ።

ቁልፍ አቀባይህ፣
ዳዶ