ለአሥራ አንድ ሰዎች ዋስ የነበሩት የሲስተር የዓለምዘርፍ ኃይለሚካኤል ሞት

ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማኅበራችን ሠራተኞችና አባላት፣ ለታካሚ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ለሚዛን ተፈሪ፣ ለሸኮና ለቴፒ ሕዝብ፦

የሚዛንና አካባቢው የአእምሮ ጤናና የሱስ ክብካቤ ማኅበር የድንገተኛ ጥሪ ቡድን አስተባባሪ የነበሩት ሲስተር የዓለምዘርፍ ኃይለሚካኤል፣ ባደረባቸው የወባ ሕመም ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ተፈጽሟል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ከዚህ ቀደም የምናወጣቸውን መግለጫዎች አንብበው የሚያርሙልን እሳቸው ነበሩ፤ ይህኛው ሳይታረም ወጥቷል።

ሲስተር የዓለምዘርፍ ማጂ ተወልደው ያደጉ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ማኅበራችን ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ የአእምሮ ሕመምም የአረቄ ሱስም ያለበት ሰው ለአንዱ እዚህ፣ ለሌላው እዚያ ይንከራተት ነበር። ሁለቱም በአንድ ክፍልና በአንድ ካርድ እንዲታከሙ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

በ2013 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ሲደርስ ታካሚዎች ቀጠሮ እንደሚያቋርጡ አይተው መድኃኒቱን ይዘው ወደየእርሻው መውጣት ጀመሩ። ጠበል ቦታ ከሚያገለግሉ አባቶች ጋርም ተመካክረው፣ ጠበል የገባ ሁሉ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጠመቅ ተስማሙ።

በ2015 ዓ.ም. የድንገተኛ ጥሪ ቡድኑን አቋቋሙ። «ተነሣበት» ተብሎ ሲደወል ቡድኑ ቤት ድረስ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም የሚያገኘው በሰንሰለት የታሰረ ሰው ነው። ቤተሰቡ ወዶ አያስርም፤ ፈርቶ ነው። የታመመው ሰው እንዲፈታ ደግሞ አንድ ሰው በሽማግሌዎችና በጎረቤት ፊት ቆሞ፣ ጉዳት ቢያደርስ እኔ እጠየቃለሁ ብሎ ዋስ መሆን አለበት። እኛ የማኅበሩን ማኅተም አቀረብን። ሽማግሌዎቹ ማኅተም አንቀበልም፣ በስሙ የምንጠራው ሰው ይቁም አሉ። ሲስተር የዓለምዘርፍ ቆሙ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ለአሥራ አንድ ሰዎች ቆመዋል።

እኛም በየሪፖርታችን «አሥራ አንድ ሰዎች ከሰንሰለት ተፈትተዋል» እያልን በኩራት ጻፍን። ሁሉም የተፈቱት በአንድ ሰው ስም መሆኑን ልብ አላልንም። ዋስ ከአካባቢው አይርቅም ብለው የዓመት ፈቃድ ወስደው አያውቁም ነበር። ባለፈው ወር ትኩሳት ይዟቸው ወደ ሸኮ ሲወጡ አይተናቸዋል፤ አላስቀረናቸውም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

አስከሬናቸውን ከተሸከሙት መካከል አራቱ እሳቸው ያስፈቷቸው ናቸው። ልጃቸው ብሩህ ስድስት ዓመት ጓሮ ታስሮ የኖረባቸው ወይዘሮ ማናልሞሽ፣ ለቅሶው ላይ ሥራ አስኪያጃችንን «አሁንስ ለልጄ ማን ይቆምለታል?» ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ ስብሰባ ጠራን። የሕግ አማካሪያችን ማኅበሩ ለሰው ዋስ መሆን አይችልም አሉ። ከስድስቱ የቡድኑ አባላት እጁን ያወጣ የለም። አንፈርድባቸውም፤ እኛም ፈርተናል። ይህ መግለጫ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ ሁለት ቤተሰቦች ታማሚዎቻቸውን በሰንሰለት መልሰው አስረዋል። ባልደረቦቻችን ሄደው ለመኑ፤ ቤተሰቦቹ ዋስ አምጡ አሏቸው፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ለባለቤታቸው ለአቶ ባየ፣ ለልጃቸው ለሰሎሜ፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የሲስተር የዓለምዘርፍን ነፍስ እግዚአብሔር በደጋግ አባቶችና እናቶች አጠገብ ያሳርፍልን። ሰንሰለት በቤታችሁ ያስቀመጣችሁ ቤተሰቦችም ጥቂት ታገሡን። እስከ መቼ ታገሡን እንደምንላችሁ ግን አናውቅም።

የብሩህን ጉዳይ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ያያሉ። ብሩህ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፤ በየጠዋቱም ቢሯችን እየመጣ ሲስተር ይሠሩበት ከነበረው ክፍል በር ላይ ይቀመጣል። ትናንት የዋስትናውን ወረቀት ራሱ ሞልቶ አመጣልን። በዋሱ ስም ቦታ ላይ የጻፈው የራሱን ስም ነው። ልማዱ እንደማይፈቅድ ነገርነው። ወረቀቱን ግን መልሰን ልንሰጠው አልቻልንም።