ሚካውን ነቅለው ሱቄን ላሸጉልኝ ኃላፊ

ለክቡር አቶ ዘአማኑኤል
የቀበሌያችን የንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ
ሳሪስ አቦ፣ ኅዳር 1996 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ወንበርዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ሮሪሳ በቀለ፣ በሳሪስ አቦ መንገድ ዳር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሬዲዮና አምፕሊፋየር ስጠግን የኖርኩት፣ ሱቄን ካሸጉልኝ ወዲህ ለመጻፍ ሰፊ ጊዜ ስላገኘሁ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

1ኛ. የቀበሌውን አዳራሽ የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር ጠግኜ ስመልስ በእያንዳንዱ ትራንዚስተር ሥር ሚካ የምንላትን ስስ ዝርግ ንጣፍ አድርጌ ነበር። ሥራዋ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው አሉሚኒየም እያሳለፈች ኤሌክትሪኩን ማገድ ነው። እርስዎ ግን ክዳኑን ከፍተው «ሙቀቱን የሚያፍነው ይሄ ላስቲክ ነው» በማለት አራቱንም ነቅለው ጣሉና ትራንዚስተሮቹን በባዶ ብረት ላይ መልሰው አሰሩ። የጥበቃ ሠራተኛው አቶ ፍቅሩ አጠገብዎ ቆመው መብራት ይዘውልዎት ነበር። ባልተማሩት ሙያ ላሳዩት ድፍረት አድናቆቴን እገልጻለሁ።

2ኛ. የስብሰባው ዕለት ማብሪያው እንደተጫነ ኤሌክትሪኩ በባዶው ብረት ተላልፎ መድረኩ ጭስ በጭስ ሆነ። ሕዝቡ የመጣው የሰፈሩ የውሃ ቦኖ አራት ወር ሙሉ ለምን እንደደረቀ ሊጠይቅ ነበር። እርስዎም «ይህ የፀረ ልማት ኃይሎች ሴራ ነው፣ ጠጋኙ ይጠየቃል» ብለው ስብሰባውን በተኑ። ወይዘሮ ዳሲቱ ከኋላ ወንበር ተነሥተው «ውሃውንም የዘጋው ሮሪሳ ነው?» ሲሉዎት ግን በጓሮ በር ወጡ።

3ኛ. በማግስቱ ሱቄ ታሸገ። አጣሪ ኮሚቴ ሲቀመጥ አቶ ፍቅሩ እንጀራቸው በእርስዎ እጅ መሆኑን እያወቁ ያዩትን ተናገሩ፤ ጥፋት እንደሌለብኝም በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። እርስዎ ግን «ጥፋቴን አምኜ በይቅርታ ታልፌያለሁ» ብዬ ካልፈረምኩ በሩ እንደማይከፈት ነገሩኝ። ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ፤ እውነቱን ለመናገር ልፈርም ነበር። ባለቤቴ መዓዛ አንብባው «ነገ ማን ነው ሬዲዮውን አምኖ የሚሰጥህ?» አለችኝ። አልፈረምኩም፤ አልፈርምምም።

በተዘጋው በሬ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ለዕውቀትዎ የሚመጥን ሹመት እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

ሮሪሳ በቀለ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት፣ እርስዎ ከጎረቤት ቀበሌ የተዋሱት አምፕሊፋየር ድምፁ ስለጠፋ፣ በአስቸኳይ እንድጠግነው ልከውብኛል። በደስታ እሠራው ነበር፤ ነገር ግን መበየጃዬም መፍቻዬም እርስዎ ካሸጉት በር ጀርባ ናቸው።