የባለጋቢው ሙግት

ቢቸና፣ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን

ሞጣ ላለኸው ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ደጅህን ያንኳኳ። ክረምቱ እንዴት ወጣልህ? ያ ሳልህስ ለቀቀህ፣ ወይስ አሁንም ሬዲዮ ስትበይድ ጭሱን እየዋጥከው ነው? መስኮቱን ክፈት ብዬህ ነበር፤ እንዳልከፈትከው አውቃለሁ። እኛ ተመስገን ደህና ነን። የጤፉ አጨዳ ተጀምሯል፣ ብርዱም ገብቷል። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አንደበቷ እንደ ድሮው ነው። አባባ ደግሞ አዲስ ዓመት እንደገባ ደብረ ማርቆስ ወስጃቸው የዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸዋል። ፋሻው ከተነሣ በኋላም ዓይናቸው እስኪጠና ድረስ መጽሐፍ እንዳያነቡ ሐኪሙ ከልክሏቸው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከመጽሐፍ ላልተለየ የቅኔ መምህር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።

እባክህ እዚህ ላይ አትዝለል። የአባባን ወሬ ስጽፍልህ ዓይንህ መስመር እንደሚዘል አውቃለሁ።

ምነው በስልክ አልጻፍሽም ትለኝ ይሆናል። ስልኬ የእኔ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርስ ይገባሃል። ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ወረቀቱን የምታደርስልህ ቅቤ ይዛ ሞጣ ገበያ የምትመጣው ጎረቤታችን ወይንእሸት ናት። ምሳ ጋብዛት።

ያ ባለጋቢው ማነው እያልክ ስትጨቀጭቀኝ ከረምክ። አንተ በከፈትከው ቡድን ውስጥ፣ የቬልማርክን ሙዚቃ የምንሰማ የጎጃም ልጆች ከነጭቅጭቃችን በተሰበሰብንበት ቴሌግራም ላይ፣ አንድ ያልታወቀ ሽማግሌ ያስገባሁት እኔ ስለሆንኩ መልሱን ከእኔ መጠበቅህ ትክክል ነው። ግን ስማቸውን እንዳልነግርህ በጊዮርጊስ አስምለውኛል። ስማቸውን አልነግርህም። አኳኋናቸውን እንዳልናገር ግን አላስማሉኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። እኒህ ሰው ማንበብ ተከልክለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ስልኬን ይዤ ስጦታውና አርሴማ በቡድኑ ላይ የሚሞላለጩትን እያነበብኩ ብቻዬን እስቃለሁ። «ምን አገኘሽ?» አሉኝ። ዘፈን የሚሉት ነገር ደስ እንደማይላቸው ስለማውቅ ላድበሰብስ ፈለግሁ፤ አልለቀቁኝም። ስለዚህ ነገርኳቸው። ከሰሜን አውሮፓ የሆነ ቬልማርክ የሚባል የሙዚቃ ቡድን አለ፤ የሚጫወቱት ፕሮግረሲቭ ሜታል ይባላል፣ ከባድ ጊታርና ጩኸት ያለበት ነው፤ ሦስት አልበም አውጥተው ሦስቱም የአንድ ሰው ታሪክ ነው አልኳቸው።

«የምን ሰው?»

«የአንድ ደወል ሠሪ። በመጀመሪያው አልበም፣ ‹ብረቱ› በሚለው፣ በበረዶ አገር ብረት አቅልጦ ለከተማው ደወል ይሠራል። በሁለተኛው፣ ‹ስንጥቁ› ላይ፣ ደወሉ በተሰቀለበት ቀን ይሰነጠቅና ድምፁ እንደ ቁስለኛ ጩኸት ይሆናል። ሕዝቡ ጆሮውን ይይዛል። ደወል ሠሪውም ከከተማው ይጠፋል።»

«ሦስተኛውስ?»

«ጠቡ በሦስተኛው ነው። ‹ዝምታው› ይባላል። ጩኸቱ የለም፣ ከባዱ ጊታር የለም። የሚተርከውም ደወል ሠሪው ሳይሆን እዚያው የቀረው ከተማ ነው። ስጦታው የሚባለው ልጅ ከዱን፣ ለሬዲዮ ብለው ለሰለሱ ይላል። አርሴማ የምትባለዋ ደግሞ አደጉ እንጂ አልከዱም ትላለች።»

«ሰውየውስ ተመለሰ?» አሉ።

አልበሙ አይናገርም አልኳቸው። ከዚያ ያንተን መልስ አነበብኩላቸው፤ «ሰሙን ለወጡት እንጂ ወርቁ ያው ነው» ያልካትን። ‹የሞጣው› በሚል ስም ነው የምትጽፈው፣ እኔም ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

«ይህን ያለው ልጅ ቅኔ ቤት ገብቷል» አሉ።

«ገብቶ ወጥቷል» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ እኔ ዞሩ።  «እስቲ አሰሚኝ» አሉ።

ወንድሜ፣ የቱን ላሰማቸው? እጄ ወደ ሁለተኛው ሄደ። ያኔ ያንን አልበም በክፍልህ ውስጥ ስትሰማው፣ አባባ በር ላይ ቆመው «ይህ ድምፅ ባለበት ቤት ውዳሴ ማርያም አይደገምም» ያሉህን፣ አንተም አንዲት ቃል ሳትመልስ ገመዱን ነቅለህ፣ ጊታርህን ተሸክመህ የወጣህበትን ቀን እያስታወስኩ ከፈትኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ በሁለታችሁ መሐል የምመላለስ ድልድይ እኔ ብቻ ነኝ። ድልድይም ይደክመዋል።

ጩኸቱ ሲጀምር እኒህ ሰው መቋሚያቸውን ጨበጡ። ስልኩን የሚመቱት መሰለኝ። አልመቱትም። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ይህ ሰው ታሟል?» አሉኝ።

«አልታመመም። የተሰነጠቀውን ደወል ሆኖ ነው የሚጮኸው።»

«እንዲህ በይኛ!» አሉ ተቆጥተው። በማን ላይ እንደተቆጡ ግን አልገባኝም። ቆይተው ቀስ ብለው፣ «እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም» አሉ።

በማግሥቱ ቴሌግራም አስከፈቱኝ። ስሙን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ፎቶው የጋቢያቸው ጥለት ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እየሰማሁ ሳይሆን እየመረመርኩ ነው ይላሉ፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ ድምፁን ቀንሺ ይሉኛል። መጀመሪያ የከበሮ መቺውን አመታት በመቋሚያቸው ሊከተሉ ሞክረው ሰባተኛው ምት ላይ እየሳቱ፣ «ይህ ልጅ ይስታል» ብለው ፈረዱበት። አንተ ቆጠራውን ከፋፍለህ ያስረዳህበትን መልእክት ካነበብኩላቸው በኋላ ግን ጓሮ ሄደው ብቻቸውን ሲመቱ አገኘኋቸው። እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። «የሳትኩስ እኔ ነኝ» አሉኝ።

‹ዝምታው› የሚለውን አልበም ግን አልወደዱትም። በውስጡ ያለው ቫዮሊን የሰርግ ነው ብለው ያስጻፉኝ ቀን አርሴማ እንዴት እንደተቆጣች፣ አንተም እንዴት እንደሳቅህ ታስታውሳለህ። ያን ቀን የጻፍክላቸውን ረጅም መልስ ሦስት ጊዜ አስነብበውኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ደህና ዋልሽ የለ፣ ደከመሽ የለ፤ «የሞጣው መለሰ?» ብቻ ነው። ኔትወርክ የጠፋ ሰሞን አጋሰሱ እንደጠፋበት ነጋዴ ደጅ ለደጅ ሲንቆራጠጡ ሰነበቱ። እማዬ «ይህን ስልክ ከእኔ አስበልጠው ወደዱት» እያለች ታሾፋለች። መቼም ከልቧ አልነበረም፤ ቤቱ ሳቅ ካየ ስንት ጊዜው ነው።

ግጥሞቹን በአማርኛ ተርጉመህ የለጠፍክ ጊዜ ደግሞ አንድ ቃል ላይ ያዙህ። አንተ «ከተማው ረሳው» ብለሃል። እሳቸው «ረሳው አይደለም፣ አልጠራውም በል» አሉህ። እንግሊዝኛ አያውቁም እኮ፣ እንዴት አወቁ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቋንቋውን አላውቅም፣ ከተማውን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ቃሉን እንደለወጥከው አይቻለሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ሙግታችሁ ልምጣ። ደወል ሠሪውን ማን አስወጣው የሚለው። አንተ «ማንም አላባረረውም፣ ኩራቱ ነው ያስወጣው፤ ቆሞ ደወሌ እንዲህ ሊጮህ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ማስረዳት ይችል ነበር» ብለህ ትሟገታለህ። ባለጋቢው ደግሞ «ሳይሰሙ የፈረዱበት ናቸው ያባረሩት» ይላሉ። ሌላው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ሙግት አይቶ አያውቅም፤ እያንዳንዳችሁ ጥፋቱን ወደየራሳችሁ ወገን ትጎትታላችሁ። አርሴማ «እናንተ ሰዎች ስለ አልበሙ ነው የምታወሩት?» ብላ የጻፈችው የቀለደች መስሏት ነው።

ያን ጊዜ ነው ስጦታው ያችን ክፉ ነገር የጻፈው። ሽማግሌ ሰው አርፎ ይጸልይ እንጂ ሜታል ውስጥ ምን አገባው ያለው። ላላነብላቸው ነበር፤ ፊቴን አይተው አወቁብኝና አነበብኩት። አልተቆጡም። «ልጁ እውነቱን ነው፤ ከቡድኑ አስወጪኝ» አሉ። ይህን እየተናገሩ ሳለ ያንተ መልስ ገባ። «ባለጋቢውን የነካ እኔን ነካ። እሳቸው ከወጡ እኔም ቡድኑን እዘጋለሁ» ይላል። ከሥሩም ለእሳቸው ለብቻ፣ «አይውጡብን፣ የኔታ» ብለሃል።

የኔታ!

ጮክ ብዬ ካነበብኩት በኋላ ነው ምን እንዳነበብኩ የገባኝ። አምልጦህ ይሁን አውቀህ አልጠይቅህም። እሳቸው ግን «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «አንድ ጊዜ ብቻ» አሉኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ተነሥተው ጌሾው ሥር ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። እማዬ ልትከተላቸው ስትል እጇን ያዝኳት። ሲመለሱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ሐኪሙ እንዳያሹት ያለውን ረስተው፣ «አቧራ ነው» አሉን። ስጦታው በበነጋታው ይቅርታ ጠይቋል። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን ስለ ቫዮሊኑ አብረን ነን» ብለው አስቀውታል፤ አሁን ወዳጆች ሆነዋል።

ከዚያ የጋበዝካቸው ግብዣ መጣ። አራተኛው አልበም ዓርብ እንደሚለቀቅ፣ ይህን ሙዚቃ በስልክ ድምፅ መስማት ግፍ እንደሆነ፣ አንተ ራስህ የገጠምከው ትልቅ ስፒከር እንዳለህ፣ ቅዳሜ ሞጣ መጥተው አብራችሁ እንድትሰሙት የጻፍክላቸው። ሦስት ቀን መልስ አላስጻፉኝም። አንገታቸውን ደፍተው ሲያስቡ ሰነበቱ። እኔም ፈራሁ፣ እዚህ ላይ ይቆማል ብዬ። በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ «ጾሙ ሳይገባ ከሆነ እመጣለሁ በይው» አሉኝ።

ትናንት ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ደወል ሠሪው በአልበሙ ባይመለስስ?» አልኳቸው። የቡድናችን ሰው ሁሉ የሚጨነቀው በዚህ አይደል? «እነሱ እንደወደዱ ይዝፈኑ» አሉኝ። «ከተማው እንደሆነ መንገድ ጀምሯል።»

እማዬ ስንቅ ስትቋጥር ነው የሰነበተች። ለማን ነው ብዬ ብጠይቃት «ለባለጋቢው» ብላ ሳቀች። አንቺስ አብረሽ አትሄጂም ስላት ደግሞ፣ «እኔ መጠበቁን ለምጄዋለሁ፣ እሳቸው ይሂዱልኝ» አለች። ድርቆሹ ላንተ ነው፤ በርበሬ የሌለው ሽሮ ግን ለእንግዳህ ነው፣ ጨጓራቸው አይችልም።

እንግዲህ የማስቸግርህ ይህ ነው። ቅዳሜ ከቢቸና በሚነሣው የመጀመሪያ መኪና ይመጣሉ። መናኸሪያው በር ላይ ጠብቃቸው፤ እንደምን እለያቸዋለሁ ብለህ አትጨነቅ። ዓይናቸው ፀሐይ ስለማይችል ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ የቬልማርክን ዘፋኝ ይመስላሉ፤ እንዳትስቅ። መደገፊያ ያለው ወንበር አዘጋጅላቸው። ስለ ድሮ ነገር አንተ ቀድመህ አትናገር፣ እሳቸውም መንገድ ላይ ያዘጋጁት ንግግር ካለ አታቋርጣቸው። ምናልባት ንግግሩ ከነጭራሹ ይጠፋባቸውና ስለ ቫዮሊኑ ይጀምራሉ። ያኔ አንተም ስለ ቫዮሊኑ መልስላቸው።

ጉልበታቸውን ለመሳም ስታጎነብስ ቶሎ ቀና አትበል። ማቀፍ የለመዱ ሰው አይደሉም፤ እጃቸው እስኪደርስብህ ጊዜ ስጣቸው።

አምላከ ጊዮርጊስ ደጅህን ከክፉ፣ እጅህን ከእሳት ይጠብቅልህ። ከእንግዳህ ጋር የምትበላውን ይባርክላችሁ፣ የምትሰሙትንም መልካም ያድርግላችሁ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች ብለሽ ጻፊለት ብላለች፤ ጽፌያለሁ።

እታለም እያልክ የምትጠራኝ፣
እህትህ