ክር የታሰረበት ኩባያ

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አፊያሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የውጫሌ ብርድ እንዴት አደረጋችሁ? ልጄስ፣ ኑርሀያቴስ? እኔ አልሃምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ መሐል ላይ ትዘጊብኛለሽ፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለባለሚኒባሱ ለአሕመዲን ሰጥቼልሻለሁ። ለማንም አታስነብቢው፤ መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው።

እማ፣ ቲቢ የለብኝም! ወላሂ የለብኝም! ትናንት ደሴ አዲሱ ሐኪም የስምንት ወሩን ምርመራ ሁሉ ዘርግቶ አየና አንድም ተሕዋሲ አልተገኘብሽም አለኝ። ታዲያ በየጊዜው ሦስት ቀን ጥሎኝ የሚሄደው ትኩሳትስ፣ ደረቴን የሚወጋኝስ? ብለው፣ ሰውነት ሲደክም፣ ብርድ ሲመታው፣ ሐሳብ ሲበዛበት ሴሎቹ ተጨንቀው ይጮሃሉ አለኝ። ጠባቂው ነጭ የደም ሴል ጩኸቱን ሰምቶ ይነሳል፤ ሌባ ሲያጣ የቤቱን ሰው ይደበድባል። አጂብ! ያ ሁሉ ኪኒን በከንቱ። በትንፋሽም በኩባያም አይጋባም አለኝ።

በኩባያ! ሰማሽ? ሰማያዊ ኩባያዬን እጀታው ላይ ቀይ ክር አስረሽ ለብቻው ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ይጋባባታል ብለሽ ልጄን ከጉያዬ ነጥቀሽ ወሰድሻት። ልትጠይቁኝ ስትመጡ እንኳ ከደጅ ቆማ እጇን ታወዛውዝልኛለች። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅሽም።

ክው ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። ልወጣ ስል ሐኪሙ፣ ይኼ በዘር የሚመጣ ነው፤ ከቤተሰብሽ ሦስት ቀን ተኝቶ ምንም እንዳልነበረ የሚነሳ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ቤቴ ሐይቅ ደርሼ ከመኪና ስወርድ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። አባዬ የሞተ ሰሞን፣ ደግሞም አጨዳ በመጣ ቁጥር፣ በርሽን ዘግተሽ ሦስት ቀን ትተኚ ነበር። ምነው ስንልሽ "ብርድ ነው" ትያለሽ። በአራተኛው ቀን ማጭድሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ያንቺን ኩባያ ግን ማንም አልለየብሽም።

ባለፈው ደውለሽ ስለ ኑርሀያት ያልሽኝም ትዝ አለኝ፤ ሦስት ቀን አተኩሷት በአራተኛው እንደ ግልገል ዘላ ተነሳች፣ ብርድ ነው አልሽኝ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። ኧረ እማ፣ አልፈርድብሽም። መድኃኒት አለው፤ ቶሎ መጀመር ነው ብሏል። ቅዳሜ ልጄን ይዘሽልኝ ነይ፣ አብረን ደሴ እንሄዳለን። ኩባያው እዚሁ አለ፣ ክሩን አልፈታሁትም። ስትመጡ ሦስታችንም በሱ እንጠጣለን።

አላህ ዕድሜሽን ከአፊያ ጋር ያርዝምልኝ። ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ፣
የኑርሀያት እናት