ሰባት ቁጥር ካሴት

ውድ ጋሼ፣

ይህን ወረቀት የሰጠችህ ሴት ሚስቴ ናት። አጠገቧ የቆመችው፣ ግራ እጇ በጀሶ የታሰረው፣ ልጄ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ አስገብተህ አስቀምጣቸው፤ ከሩቅ ነው የመጡት። እጅሽን ምን ነካሽ ብትላት «ወድቄ ነው» ትልሃለች። አትመናት። እንዲያውም አትጠይቃት፣ እኔ እነግርሃለሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ኖሬ ዛሬ ጉዴን ተሸክሜ ደጅህ ደረስኩ። ያውም ራሴ አልመጣሁም፣ ሴትና ሕፃን ነው የላክኩት። ስደበኝ፣ ይገባኛል። ብቻ አንብበህ ጨርሰህ ስደበኝ።

አድራሻህን የሰጠኝ ሪሞት ነው። ባለ ቪዲዮ ቤቱን ማለቴ ነው፤ ከወንበሩ ሳይነሳ ሰውን ሁሉ ስለሚያዝ ያን ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። ዛሬም ከወንበሩ አይነሳም፣ የዛሬው ግን እውነቱን ነው፣ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። «ያ አጠንጣኜ በዓመት አንዴ ይደውልልኛል፤ አንተ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር እየኖርክ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለኝ። አቀርቅሬ አድራሻህን ጻፍኩ።

ከዚህ በታች ያለውን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። የምጽፈው ሚስቴም እንድታነበው ነው። አሥር ዓመት አብረን ስንኖር ስለ አባታችን፣ ስለ አባባ፣ የነገርኳት አንድ ቃል የለም።

አንተ ከትምህርት ቤት መልስ ሪሞት ጋ ትሠራ ነበር። ሰው አይቶ የመለሳቸውን ካሴቶች ወደ ኋላ ታጠነጥናለህ፤ ማጠንጠኛዋ ስትበላሽ በእስክሪብቶ። ደሞዝህ ማንም የማይከራያቸው ካሴቶች ነበሩ፦ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፅ የሌላቸው፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሄዱ አሮጌ ኮሜዲዎች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሽጉጥና ካራቴ ሲከራይ አንተ መሰላል ተሸክሞ ሲዞር የመንገደኛውን ጥርስ የሚያረግፍ ቀለም ቀቢ ይዘህ ትመጣለህ። እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ አንተ አትስቅም ነበር። ሰውዬው ሲመታ ታቆመዋለህ፣ ታጠነጥነዋለህ፣ እንደገና ታየዋለህ።

«እግሩን እይ» ትለኛለህ። «ጥፊው ሳይደርስ ጉልበቱን ለቀቀ። አገጩን ደረቱ ላይ አጣበቀ። እጁን ሰበሰበ፣ እንዳይሰበርበት። አየህ? በል ተራህ ነው፣ ውደቅ።»

ፍራሽ አንጥፈህ ስንቴ እንዳስወደቅከኝ! ለኔ ጨዋታ ነበር። ሰባት ካሴት ነበረህ፣ ጎናቸው ላይ በነጭ ቀለም ከአንድ እስከ ሰባት ጽፈህባቸዋል። ያመጣህበት ተራ መስሎኝ ነበር።

አባባ በያጅ ነበር። ቆዳው ደርቆ እንጨት የሆነውን የብየዳ ጓንቱን ሳያወልቅ ነው ቤት የሚገባው። ስናጠፋ በጓንቱ፣ ሳናጠፋም በጓንቱ። ለቅሶ አይወድም፤ ያለቀሰ ይጨመርለታል። እማማ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ገላጋይ ጠፋ። አንድ ነገር ግን ነበረው፣ የወደቀ ሰው አይመታም። ምን ዓይነት ክብር እንደሆነ እንጃለት። አንተ ያቺን አወቅክበት። በመጀመሪያው ጥፊ ዞረህ ትዘረራለህ፤ እሱ ሁለት ሦስት ስድብ ጨምሮ ይሄዳል። የሰፈር ልጆች «ጎማው» ይሉህ ነበር። እኔም ያንተን እያየሁ ስወድቅ ነው ጥርሴን ይዤ ያደግኩት።

ያቺን ቅዳሜ ትዝ ትልሃለች። ምሳ ሰዓት ላይ ነው፣ ሰባት ቁጥርን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታሳየኝ ቪዲዮ ማጫወቻው ዴክ ውስጥ ከተትካት። ገና አምስት ደቂቃ ሳናይ አባባ በሩን ደበደበ። ሥራ ቦታ ተጣልቶ ነው የመጣው። በሩን ለመክፈት ዘገየህ ተባልክ፣ ጓንቱ ጉንጭህ ላይ አረፈ። አንተም ልክ እንደ ቀለም ቀቢው ሁለቴ ዞርክ፣ ወንበሩን ይዘህ ወረድክ፣ መሬት ላይ ዘጭ አልክና ሁለቱም እግሮችህ ወደ ላይ ተነሱ።

እኔም ሳቅኩ።

አባባ መውጣት ጀምሮ ነበር። ተመለሰ። «በኔ ነው የምትስቁት? ተመካክራችሁ ነው?» አለ። ዴኩን ከነሽቦው ነቅሎ መሬት ላይ እንዳለህ ጭንቅላትህ ላይ አወረደው። አንዴ አይደለም። ግራ ጆሮህን ስትይዝ በጣቶችህ መሃል ደም መጣ፤ ክንድህ ድረስ ወረደ። ካሴቷ ተፈናጥራ ወጥታ ነበር፣ እሷንም በጫማው እስክትደቅ ረገጣት። ክሊኒክ ነርሷ «ምን ሆነህ ነው?» ስትልህ «ወድቄ ነው» አልካት። «ምን ላይ?» አለችህ። «ዴክ ላይ» አልካት። ሴትየዋ እውነት መስሏት ጻፈችው።

በሳምንቱ ከቤት ወጥተህ ሄድክ። በሩ ላይ ቆመህ «ስድስቱን ጠብቅልኝ፣ ሰባተኛዋን ካገኘህ በተራቸው እያቸው» ነበር ያልከኝ።

ጋሼ፣ ያን ቀን የምር መመታትህን ሳላውቅ የሳቅኩ መስሎህ ይቅር ብለኸኝ ይሆናል። አይደለም። የጓንቱን ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። የሳቅኩት ተራው የኔ ስላልነበረ ነው። እፎይ ብዬ ነው የሳቅኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የወጋሁት ግን እኔ ነኝ፣ አንድ ቀንም አልረሳሁትም። ላንተ ለመጻፍ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ያቺ ሳቅ ትመጣብኝና እተወዋለሁ።

ኋላ ቧንቧ ሠራተኛ ሆንኩ። ቧንቧ ሠራተኛ የሰው ቤት ጓዳ ሁሉ ይገባል፤ ከደረጃ ሥር፣ ከእቃ ማጠቢያው በታች፣ ሰው የጣለውንና ያልጣለውን ያያል። የቪዲዮ ዘመን ሲያልፍ ካሴቶቹ ሁሉ እዚያ ገቡ። ጎንበስ ብዬ እየፈታሁ «የድሮ ኮሜዲ የላችሁም? አጫጭሩን፣ ድምፅ የሌለውን?» እላለሁ። ሰው ይስቃል። መቶ አርባ ካሴት ሰበሰብኩ፤ ከአንድ ቤት ደግሞ ሊጣል የደረሰ ዴክ። ሥራ ቦታ «ኮሜዲው» ነው ስሜ። ሰባት ቁጥርን ብቻ አጣኋት። አሥራ አንድ ዓመት ፈልጌ ባለፈው ክረምት አንድ ጡረተኛ አስተማሪ መታጠቢያ ቤት፣ ከሳሙና ካርቶን ጀርባ አገኘኋት። ያው ሽፋን፣ ያው መሰላል። በነጭ ቀለም ሰባት ጻፍኩባትና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። አላየኋትም። አንድ ቀን ካንተ ጋር አያታለሁ እያልኩ ነው።

ልጄ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ሌሎቹን ከኔ ጋር አይታለች። አልጋ ላይ እየዘለለች ስትወድቅ አያታለሁ፣ ትጫወታለች እላለሁ። አንዳንዴ «አባዬ፣ አገጬ ትክክል ነው?» ትለኛለች። ትክክል ነው እላታለሁ። እንዲህ ያለ ደንቆሮ አባት አይተህ ታውቃለህ? እጄ ፈጣን ነው፣ ጋሼ። እጇ የተሰበረባት ቀን የመጀመሪያዋ ናት ብዬ አልዋሽህም። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል እሰማ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቧንቧ የፈነዳበት ቤት ውዬ እስከ ወገቤ ርሼ ገባሁ። ልጅቷ ቁልፉን ፈልጋ አግኝታ፣ ስመጣ ልታስደስተኝ ሰባት ቁጥርን ዴኩ ውስጥ ከታታለች። ዴኩ ካሴቷን በላት። ሪባኑ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ እሷ መቀስ ይዛ መሃሉ ተቀምጣለች። ቆርጣዋለች። «አባዬ፣ እንዲወጣ ብዬ ነው» አለችኝ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። እጄን አነሳሁ። እጄ ሳይደርስባት ዞረች፣ ጉልበቷን ለቀቀች፣ አገጯን ደረቷ ላይ አጣበቀች፣ እጆቿን ሰበሰበች፣ ወደቀች። አየሩን ነው የመታሁት። አሳምራ ነው የወደቀችው፣ አንተም እንዲያ አትወድቅም።

ያኔ ቆሜ ብቀር ኖሮ! አልቆምኩም። «በኔ ነው የምትቀልጂው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአባባ ድምፅ ነው፣ ከኔ አፍ ነው የወጣው። ቆማ እንድመታት በግራ እጇ ጎትቼ አነሳኋት። አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁ። እሷ አልጮኸችም፤ የሚያለቅስ የሚጨመርለት ይመስላታል፣ ከየት እንደተማረችው አላውቅም። ከዚያ፣ ስማኝ ጋሼ፣ አጥንቱን ከሰማሁ በኋላም መታኋት። ሁለት ጊዜ፣ ፊቷን። አፏ ደማ። አባባ እንኳ ከዚያች ቅዳሜ በቀር የወደቀ አልመታም። ሚስቴ ከጓዳ ሮጣ የራሴን የቧንቧ መፍቻ አንስታ ትከሻዬን ባትለው ኖሮ የት እንደምቆም እንጃ። ትከሻዬ እስከዛሬ አይነሳም። እሰየው።

ሐኪሙ ጠየቃት። እኔን አየችኝና «ወድቄ ነው» አለችው። «ምን ላይ?» አላት። «መሬት ላይ» አለችው። እስክሪብቶውን አንስቶ ሊጽፍ ሲል ያቺ ነርስ ትዝ አለችኝ። «አልወደቀችም፣ እኔ ነኝ፣ አባቷ ነኝ የሰበርኳት» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ስልክ አነሳ። ዘጠኝ ቀን ጣቢያ ታሰርኩ። አሁን በዋስ ወጥቻለሁ፣ ቤት ግን አልገባም፤ የሥራ መሣሪያ ማስቀመጫ ክፍሌ ውስጥ ነው የማድረው። ሰኞ ችሎት እቀርባለሁ። ያደረግኩትን እናገራለሁ፣ የሰጡኝን እቀበላለሁ።

ሰባት ቁጥርን ሪሞት ጋ ወስጄ ሪባኗን ቀጠልናት። የሱ ዴክ ላይ እስከ መጨረሻው አየኋት። ቀለም ቀቢው አራት ጊዜ ይመታል፣ አራት ጊዜ ይወድቃል። በአምስተኛው የሚመታው ወፍራም አለቃው እጁን ሲያነሳ ሰውዬው አይወድቅም። እጁን አየር ላይ ይይዘዋል። አይመታውም፣ ዝም ብሎ ይይዘዋል። አለቃው ይታገላል፣ ይራገጣል፣ በመጨረሻ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሪሞት በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስድስቱ መውደቂያ፣ ሰባተኛዋ ይህቺ። አንተ አስቀድመህ አይተሃት ነበር፣ አይደል? ያን ቀን ልታሳየኝ የነበረው ይህን ነው፤ እኔ ከስድስት ሳላልፍ አደግኩ፣ ከስድስት ሳላልፍም ልጅ አሳደግኩ።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። ልጄ አንተ ዘንድ ትቀመጥልኝ። እኔ እስክጠራት አይደለም፤ ራሷ እስክትፈልግ፣ ባትፈልግም እስከ መጨረሻው። ሚስቴ እሺ ብላለች፣ ያንተን እሺታ ነው የምንጠብቀው። ስድስቱንና ሌሎቹን ለሪሞት ትቻቸዋለሁ። ሰባት ቁጥር ሚስቴ ቦርሳ ውስጥ አለች። ዴክ ካገኘህ አብራችሁ እዩዋት፣ መጨረሻዋን ደጋግመህ አጠንጥንላት። ካልሳቀች አታስገድዳት።

ግራ ጆሮህ ስለማይሰማ በቀኙ በኩል እንድታወራህ ነግሬያታለሁ። ለምን አለችኝ። ወድቆ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ተመለስኩ፤ መትተውት ነው አልኳት፣ እኔም ስቄበት ነው አልኳት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስትስማት፣ ፀጉሯን ልትዳብሳት ስትል፣ እጅህን ከታች አምጣው። ቀስ አድርገህ፣ እያየችው። ከላይ ከመጣባት ትወድቃለች።

የመታት አባቷ፣
ታናሽ ወንድምህ